በሸራ ጀልባ ላይ ስድስት ወር፦ በባሃማስ የኤክሱማ ደሴቶች ለመኖር ዝርዝር መመሪያ

የሸራ ጀልባ ገዝተው በሞቃት ደሴቶች መካከል ለመኖር የሚያስቡ ሰዎች ገንዘባቸውንና ሐሳባቸውን ሁሉ በጉዞው ላይ ያውላሉ፤ አዲስ ሸራ ያሰፋሉ፣ ገመድ ይቀይራሉ፣ አቅጣጫ የሚያሳይ ውድ ስክሪን ይገዛሉ። እኔም በመጀመሪያው ዓመት ያደረግሁት ይህንኑ ነበር። በባሃማስ ሦስት ወቅቶች ከከረምሁ በኋላ ግን የዚህ ኑሮ አብዛኛው ክፍል መጓዝ ሳይሆን መልህቅ ጥሎ መቀመጥ መሆኑን ተረድቻለሁ፤ በእኔ ልማድ ከአሥር ቀን ስምንቱን ጀልባዋ አትንቀሳቀስም። ስለዚህ ይህ መመሪያ ጀልባዋን ከመጓጓዣነቷ ይልቅ በቤትነቷ ይመለከታታል፤ መልህቋን እንደ ቤት መሠረት፣ የውኃ ታንኩን እንደ ጉድጓድ፣ ፀሐይን እንደ መብራት ኃይል ቆጥሮ ዝግጅቱን በቅደም ተከተል ያስረዳል። ወሮችና ቀኖች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ቦታውን በካርታ ላይ መረዳት

ባሃማስ ከፍሎሪዳ በስተምሥራቅና በደቡብ ምሥራቅ የተበተኑ የብዙ ደሴቶች አገር ነው። ኤክሱማ የሚባለው የደሴቶች ሰንሰለት ከሰሜን ምዕራብ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ይዘረጋል፤ የአገሩ ሰዎች በዓመቱ ቀናት ልክ 365 ደሴቶች አሉት ይላሉ፣ ቁጥሩ ለአፍ እንዲጥም ተብሎ የተስተካከለ ይመስለኛል። ከሰንሰለቱ በስተምዕራብ ታላቁ ባሃማ ባንክ የተባለው ሰፊ የነጭ አሸዋ ሜዳ አለ፤ በላዩ ያለው ውኃ በአብዛኛው ከ3 እስከ 5 ሜትር ብቻ ይጠልቃል። በስተምሥራቅ ያለው ኤክሱማ ሳውንድ ግን ከ1,000 ሜትር በላይ ወደታች ይወርዳል። ደሴቶቹ በሁለቱ መካከል እንደ አጥር ተሰድረዋል፤ ባሕሩ ሲሞላና ሲጎድል ውኃው በአጥሩ በሮች በኩል በየስድስት ሰዓቱ ገደማ ይገባል፣ ይወጣል።

ነፋሱ በአብዛኛው ከምሥራቅ ስለሚነፍስ ከደሴቶቹ በስተምዕራብ መልህቅ የጣለ ሰው እንደ ሐይቅ የረጋ ውኃ ያገኛል። ነፋሱ ወደ ምዕራብ በዞረ ቀን ግን ያው መጠለያ ወጥመድ ይሆናል። ከዚህ በታች የሚመጣው ምክር አብዛኛው ከዚህ አንድ እውነት የሚመነጭ ነው።

ደረጃ 1፦ ለጥልቀቱ የምትሆን ጀልባ

በጣና ላይ የደንገል ታንኳ ያየ ሰው ጀልባ ጉልበት በሚደርስ ውኃ ሁሉ የምታልፍ ሊመስለው ይችላል። የሸራ ጀልባ ግን ነፋስ እንዳይገለብጣት ከሆዷ በታች ኪል የሚባል ከባድ የብረት ወይም የእርሳስ ክንፍ ተሸክማለች። ከውኃው ገጽ እስከ ኪሉ ጫፍ ያለው ርቀት 1.5 ሜትር ወይም ከዚያ በታች ከሆነ የኤክሱማ መጠለያዎች አብዛኞቹ ክፍት ናቸው። 2 ሜትር በሆነች ጀልባም መኖር ይቻላል፤ ነገር ግን ምርጥ ከሚባሉት መጠለያዎች በር ላይ ቆመው የባሕሩን ሙላት ሲጠብቁ ብዙ ቀን ይመሻል። ሁለት ቀፎ፣ ማለትም ጎን ለጎን የተያያዙ ሁለት የጀልባ አካል ያላት ካታማራን 1 ሜትር ገደማ ውኃ ይበቃታል፣ አትንገላወድም፣ ሰፊም ናት፤ ዋጋዋም እንደ ስፋቷ ነው።

ለሁለት ሰው ከ10 እስከ 12 ሜትር የምትረዝም ጀልባ በቂ ናት። ያገለገለች ከሆነች ከውኃ ወጥታ ሻጩ ባልቀጠረው መርማሪ ሳትታይ ክፍያ አይፈጽሙ። ከቀለሙና ከአልጋ ልብሱ ይልቅ ከውኃ በታች በቀፎው ውስጥ የሚያልፉትን ቧንቧዎች መዝጊያ ቫልቮች በእጅዎ እየዘጉና እየከፈቱ ይሞክሩ፤ የማይንቀሳቀስ ቫልቭ ካለ ቧንቧው በተቀደደ ጊዜ የሚገባውን ውኃ የሚያቆመው የለም።

ደረጃ 2፦ የቤቱ መሠረት፣ መብራትና ውኃ

ገንዘብ የሚያጥር ከሆነ ሸራው አሮጌ ይሁን፣ መልህቁ ግን አይሁን። 11 ሜትር ለምትረዝም ጀልባ 20 ኪሎ ግራም የሚመዝን፣ ማረሻ ወይም አካፋ የሚመስል ጥፍር ያለው ዘመናዊ መልህቅ፣ ከእሱም ጋር 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው 60 ሜትር ሰንሰለት ይያዙ። ሻጮች ቀለል ያለውን ይበቃል ሊሉ ይችላሉ፤ በሌሊት ተነስተው ውጭ የሚቆሙት ግን እነሱ አይደሉም። ከዚህ ሌላ ዓይነቱ የተለየ ሁለተኛ መልህቅ ከገመዱ ጋር ተዘጋጅቶ ይቀመጥ።

የኤሌክትሪኩን ስሌት ከመግዛትዎ በፊት በወረቀት ላይ ይሥሩት። በ12 ቮልት የሚሠራ ፍሪጅ 5 አምፔር እየሳበ በሙቀቱ ምክንያት ከ24 ሰዓቱ ግማሹን ይሠራል፤ ይህ 60 አምፔር ሰዓት ነው። የሳተላይት ኢንተርኔት ለስምንት ሰዓት ቢከፈት ሌላ 40 ይጨምራል፤ መብራት፣ ስልክ፣ ፓምፕና ሬዲዮ 20 ይወስዳሉ። ድምሩ በቀን 120 አምፔር ሰዓት፣ ማለትም 1,440 ዋት ሰዓት ገደማ ይሆናል። 400 ዋት ሶላር ፓኔል በጥሩ ፀሐይ ይህንን ይሸፍናል፤ ነገር ግን የምሰሶው ወይም የሸራ ዘንጉ ጥላ በፓኔሉ ጥግ ላይ ካረፈ ምርቱ ከሚታሰበው በላይ ይወድቃል፤ ስለዚህ መልህቅ ከጣሉ በኋላ ዘንጉን በገመድ ወደ ጎን ስበው ይሰሩት። የእርሳስ አሲድ ባትሪ ከግማሹ በታች ቢወርድ ዕድሜው ስለሚያጥር 240 አምፔር ሰዓት የተጻፈበት ባትሪ የሚሰጥዎት የአንድ ቀን ፍጆታ ብቻ ነው። ሊቲየም ባትሪ ውድ ቢሆንም ከያዘው አብዛኛውን ይሰጣል።

ለሐበሻ አንባቢ አንድ ነገር ልጨምር፦ የኤሌክትሪክ ምጣድ ይዞ መሄድን ይርሱት። አሜሪካ ውስጥ የሚሸጠው ዓይነት 1,500 ዋት ገደማ ይስባል፤ አንድ ሰዓት እንጀራ ለመጋገር ሲሉ የቀኑን ኃይል በሙሉ ይጨርሳሉ፣ ባለቤትዎም ፍሪጁ ለምን እንደጠፋ ይጠይቃሉ። እኔ ይህንን የማውቀው ስለሞከርሁት ነው።

ውኃ በጥንቃቄ ለሚጠቀሙ ሁለት ሰዎች በቀን 15 ሊትር ይበቃል፤ 300 ሊትር የሚይዝ ታንክ እንግዲህ ሃያ ቀን ያደርሳል። እዚህ ቁጥር ላይ የሚደረሰው ሳህን በባሕር ውኃ ታጥቦ በጥቂት ንጹሕ ውኃ ሲለቀለቅ፣ ገላም በባሕር ታጥቦ መጨረሻ ላይ ሁለት ሊትር ሲፈስበት ነው። ለዚህ ሲባል በማብሰያው ክፍል በእግር የሚረገጥ የባሕር ውኃ ፓምፕ ማስገባት ዋጋውን በአንድ ወር ይመልሳል። በደሴቶቹ ላይ ወንዝ የለም፤ የሚሸጠው ውኃ በአብዛኛው ከባሕር የተጣራ ስለሆነ በሊትር ተቆጥሮ ይከፈልበታል። የራስዎን የማጣሪያ ማሽን ካስገቡ በሰዓት 25 ሊትር የሚያመርተው አነስተኛው ዓይነት ከ9 እስከ 10 አምፔር ስለሚስብ በቀትር ፀሐይ ይንቀሳቀስ። ዘይት በተንሳፈፈበት ወደብ ውስጥ ፈጽሞ አያስነሱት፤ ጨዉን ከውኃው የሚለየውን ስስ ሽፋን (ሜምብሬን) የሚያጥቡበት ውኃም ክሎሪን ያለበት የቧንቧ ውኃ ከሆነ አስቀድሞ በከሰል ማጣሪያ ይለፍ፤ ክሎሪን የማጣሪያውን ሽፋን ይበላዋልና።

የጋዝ ሲሊንደሩ የሚቀመጥበት ሳጥን ከታች ወደ ውጭ የሚያስተነፍስ ቀዳዳ ሊኖረው ይገባል። ፕሮፔን ከአየር ስለሚከብድ ካፈተለከ ወደ ጀልባዋ ወለል ሥር ወርዶ ይተኛል፤ በዚያም የፓምፑ አንዲት ብልጭታ ትበቃዋለች።

ደረጃ 3፦ ስንቅ

በባሃማስ ዋና ከተማ በናሳው ላይ ትልልቅ መደብሮች አሉ። ከዚያ በኋላ ግን በየደሴቱ ያለው ሱቅ የሚሞላው ከናሳው በሚመጣው የፖስታ መርከብ ነው፤ መርከቡ በገባበት ቀን ቲማቲምና ሰላጣ ይገኛል፣ በሦስተኛው ቀን ሽንኩርትና ድንች ብቻ ይቀራል። ዋጋውም ከፍሎሪዳ እጅግ ይበልጣል። ስለዚህ ደረቅ ስንቅ ለስድስቱም ወር፣ ትኩሱ ለሁለት ሳምንት ተይዞ ይኬዳል።

በዚህ ረገድ የእኛ ምግብ ለባሕር የተሠራ ይመስላል። ሽሮ፣ በርበሬ፣ ምስር ክክ፣ ቆሎ፣ በሶ፣ ቋንጣና ድርቆሽ ፍሪጅ አይፈልጉም፣ ቦታም አይወስዱም፤ በዋሽንግተን አካባቢ ባሉ የሐበሻ ሱቆች ሁሉም ይገኛል። ሁሉንም ክዳኑ አየር በማያስገባ የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ገልብጠው ይጫኑ፤ ካርቶን ግን ወደ ጀልባዋ አይግባ፣ የበረሮ እንቁላል በካርቶኑ እጥፋት ውስጥ ይመጣልና። በማዕበል ቀን ለማብሰል ጉልበት ሲጠፋ በሶ በጥብጦ የጠጣ ሰው ከሌሎቹ ሁሉ ቀድሞ ይጸናል።

ደረጃ 4፦ ገልፍ ስትሪምን መሻገር

ከፍሎሪዳዋ ማያሚ እስከ ቢሚኒ፣ ለፍሎሪዳ ቅርብ እስከሆነችው የባሃማስ ደሴት፣ 45 የባሕር ማይል ገደማ ነው። በመካከሉ ገልፍ ስትሪም የተባለው ሞቃት የባሕር ጅረት በኃይለኛው ክፍሉ ከ3 ኖት በላይ እየፈጠነ ወደ ሰሜን ይፈስሳል። አንድ ኖት በሰዓት አንድ የባሕር ማይል ወይም 1.85 ኪሎ ሜትር ነው። ነፋስ ከሰሜን በኩል ሲመጣ ከጅረቱ ጋር ፊት ለፊት ይጋጭና ሞገዱን እንደ ግድግዳ ያቆመዋል። ስለዚህ በትንበያው ውስጥ ሰሜን፣ ሰሜን ምሥራቅ ወይም ሰሜን ምዕራብ የሚል ቃል ካለ አይውጡ፤ የሰሜኑ ነፋስ ካቆመ በኋላም ባሕሩ እስኪረጋ ቢያንስ አንድ ቀን ይጠብቁ። እንግዶችን ለመቀበል ቀን መቁረጥ አደገኛ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው፤ ለእንግዳ ቦታውን ይንገሩት ወይም ቀኑን ይንገሩት እንጂ ሁለቱንም አይስጡት።

አቅጣጫውን አስቀድመው ያስሉ። ጀልባዋ 6 ኖት የምትጓዝ ቢሆንና ጅረቱ በመላው መንገድ በአማካይ 2.5 ኖት ወደ ሰሜን ቢገፋት፣ አፍንጫዋን ከመድረሻው ወደ ደቡብ 25 ዲግሪ ገደማ አዙሮ ያንኑ መያዝ ያስፈልጋል። ወደፊት የምትሄድበት ፍጥነት ያን ጊዜ ወደ 5.4 ኖት ስለሚወርድ መሻገሪያው ስምንት ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጃል። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት የተነሣ ሰው ፀሐይ ከበላይ ሳለች ይደርሳል። በጂፒኤሱ ላይ ያለውን ቀጥታ መስመር እየተከታተሉ አፍንጫዋን ደጋግሞ ማስተካከል መንገዱን ከማርዘም በቀር ጥቅም የለውም።

ደረጃ 5፦ መግቢያ ሰነድ

ወደ ባሃማስ ውኃ ሲገቡ ቢጫ ባንዲራ ይሰቀላል። ጉምሩክና ኢሚግሬሽን እስኪጨርሱ ድረስ ከጀልባዋ የሚወርደው ካፒቴኑ ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ቢጫው ወርዶ የባሃማስ ባንዲራ በክብር ቦታው ይሰቀላል። የጀልባዋን መቆያና የዓሣ ማጥመጃ ፈቃድ በዚያው ያውጡ፤ ክፍያው ስለሚለዋወጥ ከመነሣትዎ በፊት ከመንግሥቱ ድረ ገጽ ይመልከቱ። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው የባሃማስን ቪዛ ብቻ ሳይሆን ወደ አሜሪካ ተመልሶ የሚገባበትን ሰነድም አስቀድሞ ያረጋግጥ፤ በባሕር የወጣ ሰው እንደማንኛውም መንገደኛ ከአገር ወጥቷል።

ደረጃ 6፦ ውኃን በዓይን ማንበብ

ከቢሚኒ ባንኩን አቋርጠው፣ ናሳው ላይ ስንቅ ሞልተው ወደ ኤክሱማ ሲሻገሩ የሎ ባንክ በተባለው ስፍራ ያልፋሉ። ወደ ታች ሲታይ ሁሉም አሸዋ ነው፤ በአሸዋው ላይ ግን እንደ ጎጆ የቆሙ የኮራል ድንጋዮች አሉ፣ አንዳንዶቹም እስከ ውኃው ገጽ ይቀርባሉ። የትኛውም ካርታ እያንዳንዳቸውን አይመዘግብም። ከዚህ ጀምሮ ዋናው መሣሪያ ዓይን ነው።

ቀለሙን እንዲህ ያንብቡ። ጥቁር ሰማያዊ ጥልቅ ውኃ ነው። ብሩህ ቱርኩዝ፣ ማለትም ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ሰማያዊ፣ ከ3 እስከ 5 ሜትር ያለው አሸዋ ሲሆን የሚኖሩበትም የሚሄዱበትም እሱ ነው። ቀለሙ ወደ ፈዘዘ አረንጓዴ ሲሄድ ጥልቀቱ ወደ 2 ሜትር እየቀረበ ነው፤ ሲነጣ ኪልዎ ሊነካ ነው። ቡናማ ወይም ወደ ቢጫ የሚያደላ ጥቁር ጠብታ ኮራል ነው፣ በሩቁ ይሽሹት። ጠርዙ የማይለይ ሰፊ ጠቆር ያለ ምንጣፍ ደግሞ የባሕር ሣር ነው፤ ለማለፍ አያሰጋም፣ መልህቅ ግን በቀላሉ አይይዝበትም። አዲስ ሰው በብዛት የሚደናገጠው በደመና ጥላ ነው፤ ጥቁሩ ነገር በነፋሱ አቅጣጫ የሚጓዝ ከሆነ ጥላ ነው፣ ጥቂት ታግሠው ያስተውሉት።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ፀሐይ ከፍ ስትል ነው። ከጠዋቱ አራት ሰዓት እስከ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ባለው ጊዜ ይንቀሳቀሱ፤ በተቻለ መጠን ፀሐይ ከኋላዎ ትሁን፣ ማለትም ጠዋት ወደ ምዕራብ፣ ከሰዓት በኋላ ወደ ምሥራቅ መጓዝ ይመረጣል። የብርሃን ነጸብራቅ የሚቆርጥ ፖላራይዝድ መነጽር ሳያደርጉ አይሞክሩት። አንዱ መሪውን ሲይዝ ሌላው ከፊት ቆሞ በእጅ ምልክት ያመልክት፤ ጩኸት በነፋስ አይሰማም፣ ትዳርም ያውካል።

አሸዋ ላይ መቀመጥ ለሁሉም ይደርሳል፤ አንዳንዱ አይናገርም እንጂ። ዋናው ነገር የሚቀመጡበት ሰዓት ነው። ጥልቀቱ አጠራጣሪ የሆነውን ስፍራ ሁልጊዜ ባሕሩ መሙላት ከጀመረ በኋላ ይለፉት፤ የሙላትና የጉድለት ልዩነቱ 90 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ በመሙላት ላይ የተቀመጠች ጀልባ ሻይ ተፈልቶ ሳይጠጣ ትነሣለች፣ በመጉደል ላይ የተቀመጠች ግን አሥር ሰዓት ያህል ጎኗን አዘንብላ ልታድር ትችላለች። ሲቀመጡ ወዲያው ወደ ኋላ ይሞክሩ፤ ካልሆነ በትንሿ የጎማ ጀልባ ሁለተኛውን መልህቅ ወደ ጥልቁ ውኃ ወስደው ይጣሉና ገመዱን ወጥረው ሙላቱን ይጠብቁ።

በደሴቶቹ መካከል ባሉት በሮች ስለ ማለፍ ደግሞ ይህን ይወቁ። ባሕሩ ሲጎድል የባንኩ ውኃ በጠባቡ በር በ3 ኖትና ከዚያ በላይ ፍጥነት ወደ ሳውንዱ ይወጣል። ከውጭ ብርቱ የምሥራቅ ነፋስ እየነፈሰ ከሆነ ሁለቱ በበሩ አፍ ላይ ይጋጠሙና የቆመ፣ የሚሰበር ሞገድ ይሠራሉ። በዚያን ሰዓት በሩ ዝግ ነው ብለው ይቁጠሩ፤ ጅረቱ ቆሞ እስኪመለስ መጠበቅ ብቻ ነው የሚሻለው። ጊዜው በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ ስለሚዘገይ የሙላቱን ሰንጠረዥ ከማብሰያው አጠገብ ይለጥፉት።

ደረጃ 7፦ መልህቅ መጣል

አሸዋው ነጭ ሆኖ የሚታይበትን ስፍራ ይምረጡ። ሰንሰለቱ ምን ያህል እንደሚለቀቅ በግምት ሳይሆን በስሌት ይወሰን፦ ጥልቀቱ 3 ሜትር፣ ባሕሩ ሲሞላ የሚጨመረው 0.9፣ ከውኃው ገጽ እስከ ጀልባዋ አፍንጫ 1.2 ሜትር ቢሆን ድምሩ 5.1 ሜትር ነው። ለረጋ አየር ይህንን በአምስት ያብዙ፣ 26 ሜትር ገደማ፤ ነፋስ ለሚጠበቅበት ሌሊት በሰባት፣ 36 ሜትር። ረጅም ሰንሰለት መልህቁን አግድም ስለሚስበው ጥፍሩ ወደ አሸዋው ይገባል፤ አጭር ሰንሰለት ወደ ላይ ስለሚስበው ይነቅለዋል።

ጀልባዋ ሙሉ በሙሉ ስትቆም መልህቁን በቀስታ ያውርዱ፤ ሰንሰለቱን ክምር አድርገው በላዩ አይጣሉበት። ነፋሱ ወደ ኋላ ሲገፋዎት እየለቀቁ ይሂዱ፣ ከዚያ ሞተሩን ወደ ኋላ አስገብተው ቀስ በቀስ ፍጥነቱን ይጨምሩና ግማሽ ደቂቃ ያህል ያቆዩት። በባሕሩ ዳር ያሉ ሁለት ነገሮችን፣ ለምሳሌ አንድ ዛፍና ከኋላው ያለ ቋጥኝ፣ በአንድ መስመር ይያዙ፤ መስመሩ ካልተላቀቀ ይዟል። የሰንሰለቱን ንዝረት የሚውጥ የናይሎን ገመድ ያስሩበት። ከዚያ በኋላ የመጥለቂያ መነጽርዎን አድርገው ይውረዱና ይዩት። ሞቃትና ጥርት ያለ ውኃ የሚሰጠው ትልቁ ጸጋ ይህ ነው፦ የቤትዎን መሠረት በዓይንዎ ያያሉ። ጥፍሩ ሙሉ በሙሉ ተቀብሮ የመልህቁ ጀርባ ብቻ ከታየ በሰላም ይተኛሉ፤ በጎኑ ተጋድሞ ወይም በሣር ውስጥ ተጠላልፎ ካዩት ግን፣ ምንም ያህል ቢደክምዎ፣ ይንቀሉትና ድገሙት። ኮራል ላይ ግን ከቶ አይጣልም፤ ሰንሰለቱ በአንድ ሌሊት የሚፈጨው በብዙ ዓመት የበቀለ ነው።

በዋርደሪክ ዌልስ ደሴት ዙሪያ ያለው የኤክሱማ የየብስና የባሕር ፓርክ በ1958 የተቋቋመ ሲሆን ከ1986 ጀምሮ ዓሣም ሆነ ዛጎል ማንሣት ፈጽሞ የተከለከለበት ነው። በዚያ በሚገኙት የመታሰሪያ ተንሳፋፊዎች ላይ በክፍያ መታሰር ይቻላል፤ ዓሣዎቹ ሰው ስለማይፈሩ ጠዋት ከጀልባዋ ሥር ይሰበሰባሉ።

ደረጃ 8፦ ቀዝቃዛው ግንባር ሲመጣ

ከኖቬምበር እስከ ኤፕሪል ከሰሜን አሜሪካ የሚወርድ ቀዝቃዛ አየር፣ ፍሮንት ወይም ግንባር የሚባለው፣ በቁር ወራት በየሳምንቱ ገደማ ይመጣል። አካሄዱ ሁልጊዜ ተመሳሳይ ስለሆነ ሳይዘጋጁ መያዝ የስንፍና ምልክት ነው። የተለመደው የምሥራቅ ነፋስ መጀመሪያ ወደ ደቡብ ምሥራቅና ወደ ደቡብ ይዞርና ይለዝባል፤ ቀኑ ይሞቃል፣ ባሕሩ መስታወት ይሆናል፣ አዲስ ሰውም እንዲህ ያለ ቀን አይቼ አላውቅም ይላል። ከዚያ ወደ ደቡብ ምዕራብ ሲዞር በሰሜን ምዕራብ አድማስ ላይ ጥቁር የደመና ጥቅል ይታያል። ግንባሩ ሲደርስ ነፋሱ በደቂቃዎች ውስጥ ወደ ምዕራብና ሰሜን ምዕራብ ተመትቶ 25 ወይም 30 ኖት ይሆናል፤ በመጨረሻም በሰሜንና በሰሜን ምሥራቅ በኩል ዞሮ ለቀናት ይጠነክራል።

ችግሩ ያ ምዕራብ ነው። ከደሴቶቹ በስተምዕራብ ያለው ባንክ ባዶ ሜዳ ስለሆነ ነፋሱ ሞገዱን ለብዙ ማይል እየነዳ ያመጣና ጀልባዋን ወደ ራሱ ወደ ደሴቱ ቋጥኝ ይገፋታል። በመጀመሪያው ወቅቴ ይህንን ከመጽሐፍ አውቀው ነበር። አንድ ምሽት ደክሞኝ፣ ፀሐይ ዝቅ ካለች በኋላ፣ ታች ያለውን በደንብ ሳላይ መልህቅ ጣልሁ፤ ጠዋት እጠልቃለሁ ብዬም ተኛሁ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ሰንሰለቱ በድንጋይ ላይ እንደሚጎተት ባልዲ ሲያንኮራኩር ነቃሁ። ነፋሱ ምዕራብ ነበር፤ ትንበያው ጠዋት ያለው ግንባር ስድስት ሰዓት ቀድሞ ደርሷል። ደሴቱ ከኋላችን በእጅ ባትሪ ብርሃን እስኪታይ ቀርቦ ነበር። ሞተሩ በመጀመሪያው ቁልፍ ባይነሣ ኖሮ ይህንን ጽሑፍ የሚጽፈው ሌላ ሰው ነበር። መልህቁ ሲወጣ በጥፍሩ ላይ የአንድ ትራስ ያህል ሣር ተጠቅልሎበት መጣ።

ከዚያ ወዲህ የምከተለው ሥርዓት ይህ ነው። ትንበያ በቀን ሁለት ጊዜ አነባለሁ፤ ነፋሱ ደቡብ እንደሆነ፣ ማለትም ቀኑ ከሁሉ በሚያምርበት ሰዓት፣ በምዕራብም በኩል መሬት ወዳለበት መጠለያ እንቀሳቀሳለሁ። የዋርደሪክ ዌልስ የውስጥ መተላለፊያና ፓይፕ ክሪክ እንዲህ ካሉት ናቸው፤ ቦታ ስለሚያልቅ ከአንድ ቀን በፊት መድረስ ያሻል። ሰንሰለቱን በሰባት አብዝቼ እለቃለሁ፣ ጠልቄ አየዋለሁ፣ ትንሿን ጀልባ ከነሞተሯ ከውኃ አወጣለሁ፣ በስልኬ ላይ ጀልባዋ ከቦታዋ ስትንሸራተት የሚጮህ የመልህቅ ማንቂያ እከፍታለሁ፣ የሞተሩ ቁልፍም በቦታው ይገባል። ነፋሱ ሲዞር በየትኛው ጎረቤት ላይ እንደምወድቅ አስቀድሜ አያለሁ፤ ሰንሰለቱ አጭር የሆነ ጎረቤት ካለም በትሕትና ሄጄ እጠይቀዋለሁ።

ደረጃ 9፦ የዕለት ኑሮ

ባሃማውያን ሰላምታ ሳይሰጡ ጥያቄ መጠየቅን እንደ እኛው እንደ ነውር ይቆጥሩታል። ሱቅ ሲገቡ ለሁሉም እንደምን አደራችሁ ካሉ በኋላ ዳቦ ይጠይቁ፤ ዳቦው ያለቀ ቢሆን እንኳ ከማን ቤት እንደሚጋገር ይነገርዎታል።

ዓሣ ለማጥመድ ሲፈቀድልዎ ደንቡ ጥብቅ ነው፦ በጥይት መልክ የሚተኮስ የውኃ ውስጥ ጠመንጃ ክልክል ሲሆን በጎማ የሚወረወር ጦር ይፈቀዳል፤ የድንጋይ ሎብስተር ከኤፕሪል 1 እስከ ጁላይ 31 አይነካም። ከሪፍ፣ ማለትም ከኮራል ድንጋይ ክምር፣ ላይ የሚያዙ ትልልቅ ዓሦችን፣ በተለይ ባራኩዳን፣ አይብሉ። ሲጓተራ የተባለው መርዝ በሪፉ ላይ ከሚበቅል ረቂቅ ሕይወት ተነሥቶ በትናንሾቹ ዓሦች በኩል በትልልቆቹ ሥጋ ውስጥ ይከማቻል፤ ጣዕምና ሽታ የለውም፣ ማብሰልም ማቀዝቀዝም አያጠፋውም። የተመረዘ ሰው ቀዝቃዛው ነገር እንደሚያቃጥል ሆኖ ይሰማዋል። በጥልቁ ሳውንድ በኩል የሚያዝ ማሂ ማሂ ከዚህ ስጋት የራቀ ነው።

ትንሿ የጎማ ጀልባ መኪናዎ ናት። ሞተሩን የሚያጠፋው ገመድ ሁልጊዜ በእጅዎ አንጓ ላይ ይታሰር፤ ነጂዋን የጣለች ጀልባ እየዞረች ተመልሳ ልትመጣበት ትችላለችና። ትንኝ ከሚያህሉት የአሸዋ ተናካሾች ለመዳን ነፋስ በሌለበት ምሽት ከዳርቻው ራቅ ብለው ይደሩ። ለከባድ ሕመም ሆስፒታሉ ናሳው ነው፤ በየደሴቱ ያሉት ክሊኒኮች አነስተኛ ስለሆኑ በአውሮፕላን ማንሣትን የሚሸፍን መድን ይኑርዎት።

ደረጃ 10፦ መመለስ

የአውሎ ነፋስ ወቅት ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ነው። በሴፕቴምበር 1 ቀን 2019 ዶሪያን የተባለው ሀሪኬን ከኤክሱማ በስተሰሜን በሚገኙት የአባኮ ደሴቶች ላይ ሲወድቅ ነፋሱ በሰዓት 295 ኪሎ ሜትር ነበር፤ የተባለለት አስተማማኝ ወደብ ሁሉ አልረዳም። ብዙ የመድን ውሎችም በእነዚህ ወራት በዚህ ውኃ መቆየትን አይሸፍኑም። ስለዚህ በሜይ መጀመሪያ ወደ ሰሜን ምዕራብ መመለስ ይጀመራል፤ ሲመለሱ ገልፍ ስትሪም ወደ ሰሜን ስለሚወስድዎ ከማያሚ ይልቅ በስተሰሜን ያለ ወደብ ላይ ማለም ሰዓታት ያተርፋል። አሜሪካ ሲደርሱ ለድንበር ጠባቂዎቹ ወዲያው ማስታወቅ ግዴታ ነው።

ጀልባዋ ወደ የብስ ስትወጣ ሸራው ወርዶ፣ በንጹሕ ውኃ ታጥቦና ደርቆ ይታጠፋል፤ የማጣሪያ ማሽኑ ሽፋን እንዳይበላሽ በመጠበቂያ ኬሚካል ይሞላል፤ ፍሪጁ በሩ ተከፍቶ ይተዋል። በመጨረሻ ሰንሰለቱ በሙሉ መሬት ላይ ይዘረጋል። ወደ መልህቁ ያለው የመጀመሪያው 20 ሜትር በአሸዋው ላይ ሲፋተግ ከርሞ ዚንኩ ተልጦ ዝገት ሲጀምረው፣ ሌላው ጫፍ ግን ከሳጥኑ ብዙ ጊዜ ስላልወጣ እንደ አዲስ ሆኖ ይገኛል። እያንዳንዱን ቀለበት በእጅዎ እያለፉ መርምረው፣ የሳሳውን ቆርጠው፣ ሰንሰለቱን ጫፍ ለጫፍ ይገልብጡትና መልህቁን በደህናው በኩል ያስሩት።